ሱቃችንን ማን እንበለው?

በኦንላይን ስለ መሸጥ ጠይቁን ካልን ወዲህ ከደረሱን መልእክቶች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ስም ነው። የሚጽፉልን ደግሞ በብዛት ከከተማው ዳር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከፉሪ፣ ከለገጣፎ፣ ከየካ አባዶ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሀል ከተማ የሱቅ ኪራይ የሚቀመስ አይደለም፤ ዳር ላይ ሱቅ ቢከፈትም መንገደኛው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዕቃውን ቤት አስቀምጦ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ለጥፎ፣ በሞተር መላክ ያዋጣል። እንዲህ የሚሠራ ሰው ታፔላ የለውም፣ መስኮት ላይ የሚደረድረው ዕቃም የለውም። ደንበኛው ይዞት የሚሄደው ስሙን ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ገጹን በሙሉ ለስም ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እናቴ የምታዘጋጀውን በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን ለጎረቤት ስሸጥ ቆይቼ አሁን ቴሌግራም ላይ ልከፍት ነው። ስሙ ግን ቤት ውስጥ አጨቃጨቀን። ባለቤቴ ‹ስፓይስ ኩዊን› ይባል ይላል። እህቴ ‹ኢትዮ ሀበሻ ባልትና ኦንላይን ገበያ› አለች። እኔ ‹ማዕድ› ብለው ደስ ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ሥራው የእኔ ከሆነ በስሜ ይጠራ› ባይ ናት። የቱ ይሻላል? ለስቲከር ማሳተሚያ ቀብድ ልከፍል ስለሆነ ቶሎ መልሱልኝ።» (የባልትናዋ ልጅ፣ ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ቀብዱን ያዥው። ስቲከሩ ይደርሳል።

አንድ ፈተና አለ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው እሱን ነው። ስም ወረቀት ላይ ሲታይ ሁሉም ያምራል፤ ፊደሉ ይዋባል፣ ቀለም ይመረጥለታል። ያንቺ ስም ግን ከሰው ወደ ሰው የሚሄደው በአፍ ነው። ጎረቤትሽ ሽሮሽን ቀምሳ ወደደችው እንበል። ለእህቷ ትደውላለች። እህትየዋ ከሳሪስ በሚመጣ ሚኒባስ ውስጥ ናት፤ ረዳቱ ሒሳብ ይሰበስባል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ ከኋላ አንዱ «ወራጅ አለ!» ይላል። በዚህ ሁሉ መሀል ስሙን አንዴ ሰምታ፣ ስልኳን ከፍታ፣ ሳትሳሳት ጽፋ ካገኘችሽ ስሙ ሠርቷል። «ምን? ማን አልሽኝ?» ካለች ግን ችግር አለ። ደግሞ ብዙ ሰው «ማን አልሽኝ» ብሎም አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ይተወዋል፤ አንቺም ማን እንደተወሽ አታውቂም።

ይህን የምነግርሽ ለምሳሌ ያህል ብቻ አይደለም፣ በእውነት ሞክሪው። ስለ ሥራሽ ምንም ለማያውቁ ሰዎች ደውይና እያንዳንዱን ስም አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሪ። ከዚያ የሰሙትን በአማርኛም በላቲን ፊደልም ጽፈው ይላኩልሽ። ቢቻል ከሰዎቹ አንዷ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ አንዱ ደግሞ ገና ተማሪ ይሁኑ። የተላኩልሽ ጽሑፎች ከተለያዩ ስሙ አስቸጋሪ ነው፤ ከተመሳሰሉ ያዥው።

ትልልቆቹም በዚህ ፈተና ወድቀዋል። ጄፍ ቤዞስ እ.ኤ.አ. በ1994 ዛሬ አማዞን የምንለውን ድርጅት መጀመሪያ ያስመዘገበው «ካዳብራ» ብሎ ነበር፤ «አብራካዳብራ» ከሚለው የአስማት ቃል የተወሰደ ነው። ጠበቃው በስልክ ሲሰማው «ካዳቨር» መሰለው፣ ይህም በእንግሊዝኛ አስከሬን ማለት ነው። ስሙ ብዙም ሳይቆይ ተቀየረ።

አሁን ወደ አራቱ ስሞች እንምጣ።

«ስፓይስ ኩዊን» የሚለውን ባለቤትሽ የወደደው ዘመናዊ ስለሚመስለው ነው፣ አልፈርድበትም። ግን ለማን ነው የምትሸጪው? ለጎሮ፣ ለቃሊቲ፣ ለገላን ሰው ከሆነ፣ ያ ሰው በርበሬ ሲገዛ የሚፈልገው ያዘጋጀችው ሴት ባልትና ታውቃለች ብሎ ማመን ነው። የእንግሊዝኛ ስም እዚያ ላይ አይረዳሽም። አጻጻፉም ያስቸግራል፤ «ኩዊን»፣ «ክዊን»፣ «ኲን» እያለ ሁሉም በየፊናው ይጽፈዋል። እንግሊዝኛ ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለቴ አይደለም። ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘነበወርቅ ሰፈር የጫማ ሥራ ስትጀምር ስሙን «ሶልሬብልስ» አለችው፤ ጫማው በውጭ ገበያ የሚሸጥ ስለነበር ልክ ነበረች። ስም የገዢውን ጆሮ ይከተላል፣ በቃ።

የእህትሽ ስም ሁሉን ነገር ይናገራል፤ ኢትዮጵያዊ መሆኑን፣ ባልትና መሆኑን፣ ኦንላይን መሆኑን። ችግሩም እሱ ነው። ቴሌግራም ላይ «ኢትዮ»፣ «ሀበሻ»፣ «አዲስ»፣ «ሸገር» ብለሽ ፈልጊና እዪ፤ ማለቂያ የለውም። ደንበኛሽ ወሩ አልቆ እንደገና ስትፈልግሽ ከሁሉ የቱ እንደነበርሽ አታስታውስም። ሕጉም እንዲህ ያለውን ስም አይደግፍም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚናገር ስም በንግድ ምልክትነት እንዳይመዘገብ ይከለክላል። ምክንያቱ ፍትሐዊ ነው፤ «ባልትና» የሚለው ቃል የሁሉም ባልትና ሻጭ ነው፣ አንቺ ብቻሽን ልትወስጂው አትችይም።

ስም ዕቃውን ማስረዳት የለበትም። ቶሞካን አስቢ። ከጣልያንኛ ስም የተቀነጨበ ምህጻረ ቃል ነው፣ በአማርኛ ምንም አይልም፤ ግን አራት ኪሎ ያለ ሰውም ቡራዩ ያለ ሰውም ሲሰማው ቡና ይታየዋል። «ሃይላንድ»ም እንደዚያው ነው። ስሙ ስለ ውኃ አንድም ነገር አይናገርም፤ ይሁንና ሕዝቡ ለፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ መጠሪያ አደረገው፣ እስከ ዛሬም «ባዶ ሃይላንድ አለሽ?» ነው የሚባለው። ትርጉሙን የሚሞላው ሥራው ነው።

«ማዕድ»ን እኔም እወደዋለሁ። ቆንጆ ቃል ነው። የሚያሳስበኝ አጻጻፉ ነው። ግማሹ «ማዕድ» ግማሹ «ማእድ» ብሎ ይጽፋል፣ ይሄ እንኳ ቀላል ነው። የቴሌግራም አድራሻ ግን በላቲን ፊደል ብቻ ነው የሚወጣው፤ እና «ዕ»ን በላቲን በምን ትጽፊዋለሽ? አንዱ ኤ ይደርባል፣ አንዱ ኢ ያስገባል። ኤም፣ ኤ፣ ኢ፣ ዲ ብለሽ ያወጣሽው እንደሆነ ደግሞ አንዱን ፊደል የሳተ ሰው በእንግሊዝኛ የቤት ሠራተኛ የሚል ቃል ይጽፋል። እንዲህ ያለ ጣጣ «ቀ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» ባለባቸው ስሞች ሁሉ አለ። «ቅመም» እንኳ አንዱ በኬ አንዱ በኪው ይጀምረዋል። በፊደላችንም «ሀ» እና «ሐ»፣ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እየተቀያየሩ ይጻፋሉ። እነዚህ የሚበዙበት ስም ትርጉሙ የቱንም ያህል ቢያምር ለፍለጋ አስቸጋሪ ነው።

የእናትሽ ጥያቄ ግን ከሁሉም የከበደ ነው፣ ቀለል አድርገሽ እንዳታልፊው። ሙያው የሷ ነው፣ ስሟ ይገባዋል። የምፈራው ነገ የሚመጣውን ነው። የእናት ስም የልጆቿ ሁሉ ነው። እህትሽ ነገ ለብቻዬ ልሥራ ብትል በእናቷ ስም እንዳትነግድ በምን አፍሽ ትከለክያታለሽ? በስሙ ከገፋችሁ ዛሬ ፍቅር እያለ ተቀምጣችሁ ስሙ የማን እንደሆነ፣ ማን ምን ያህል ድርሻ እንዳለው በወረቀት አስፍሩ። እኔን ከጠየቅሽኝ የሱቁ ስም ሌላ ሆኖ፣ ፓኬቱ ላይ ጉልህ ሆኖ «በእማማ እገሊት እጅ የተዘጋጀ» የሚል ቢጻፍ የተሻለ ነው። እሷም ትከበራለች፣ ስሙም ከቤተሰብ ጠብ ውጭ ይሆናል።

የቱ ይሻላል ላልሽው፣ ከአራቱ አንዱንም አልመርጥም። እናትሽ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጠሽ በእጇ የምትይዘውን ሁሉ ጻፊ። በርበሬው ሲቀነጠስ፣ ሲሰጣ፣ ሲወቀጥ፣ ሲነፋ ምን ምን ትይዛለች? ሙቀጫ፣ ዘነዘና፣ ወንፊት፣ ሰፌድ። «ሙቀጫ» ሁለት አስቸጋሪ ድምፅ አለበት፣ ተዪው። «ዘነዘና» ይረዝማል። «ሰፌድ» ግን ተመልከቺው፤ አጭር ነው፣ አፍ ላይ አይሰናከልም፣ በላቲን ለመጻፍ የሚያስጨንቅ ድምፅ የለበትም (አንዳንዱ የ«ፌ»ን አናባቢ በሁለት ፊደል ይጽፋት ይሆናል፣ እሷን አድራሻ ጨምረሽ ትይዣታለሽ)፣ ባልትናን ሳይናገር ባልትናን ያስታውሳል። ብቻውን ቀድሞ ተይዞ ከሆነ «ሰፌድ ባልትና» ማለት ትችያለሽ። ይህ አንድ ምሳሌ ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም፤ ከዚያው ከእናትሽ ጓዳ የተሻለ ታገኚ ይሆናል።

ቀብዱን ከመክፈልሽ በፊት የመረጥሽውን ስም በአማርኛም በላቲንም፣ ሊጻፍ በሚችልበት መንገድ ሁሉ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ጉግል ላይ ፈልጊው። ከዚያ ኢትሬድ በሚባለው የንግድ መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ የንግድ ስሙ መያዝ አለመያዙን አረጋግጪ፣ በንግድ ምልክትነት መመዝገብ አለመመዝገቡንም አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደሽ ጠይቂ። ሁሉም ንጹሕ ከሆነ በዚያው ቀን አድራሻዎቹን ክፈቺ፣ ሥራ ባትጀምሪባቸው እንኳ ይያዙ። ስቲከሩ ከዚያ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ «እኔ ጫማ ነው የምሸጠው፣ ቲክቶክ ላይ። ደንበኞቼ ከሰበታ፣ ከፉሪ፣ ከጀሞ፣ ከአየር ጤና ናቸው፤ ግማሹ በአማርኛ ግማሹ በኦሮምኛ ይጽፍልኛል። ለሁሉም እንዲሆን ‹ቤስት ፕራይስ 4 ዩ› ልለው አስቤ ነበር። ምን ትላላችሁ?» (ከፉሪ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን አውጣው። «ቤስት ፕራይስ ፎር ዩ» ብለህ በስልክ ስትናገር ሰሚው «ፎር»ን በፊደል ይጻፈው በቁጥር በምን ያውቃል? «ዩ»ስ አንድ ፊደል ነው ሦስት? ስሙን በተናገርክ ቁጥር ማብራሪያ ልትጨምርበት ነው። ደግሞ ርካሽ ዋጋን ስምህ ካደረግከው ዋጋ መጨመር ግድ ሲልህ ስምህ ራሱ ይከራከርሃል፤ ዕቃ በየጊዜው በሚወደድበት ጊዜ ደግሞ ዋጋ መጨመርህ አይቀርም።

ሁለት ቋንቋ ያላቸው ደንበኞች ማሰብህ በጣም ጥሩ ነው፣ ብዙ ሻጭ ይረሳዋል። አነጋገር ላይ ችግር የለም፤ «ቀ»ም «ጠ»ም «ጨ»ም በሁለቱም ቋንቋ አሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ሲጻፍ ነው። አማርኛ የለመደ ሰው በላቲን ሲጽፍ «ጠ»ን በቲ፣ «ጨ»ን በሲ ኤች ይጽፋል። በቁቤ የተማረ ሰው ግን «ጠ»ን በኤክስ፣ «ጨ»ን በሲ ብቻ፣ «ቀ»ን በኪው ነው የሚጽፈው፤ አናባቢው ሲረዝምም ፊደሉን ይደግማል። ስለዚህ «ጫማዬ» ብትል አንድ ስም ሁለት ሦስት ቦታ ይበታተናል።

ከእነዚህ ድምፆች ነፃ የሆነ አጭር ቃል ፈልግ። «ዱካ» ለምሳሌ ለጫማ ይስማማል። በላቲን አራት ፊደል መሆኑ ቲክቶክ ላይ አያስቸግርህም፤ ቴሌግራም ግን ከአምስት ፊደል ያነሰ አድራሻ በተለመደው መንገድ ስለማይሰጥ «ዱካ ሹዝ» ብለህ ሁለቱም ቦታ አንድ ዓይነት አድርገው። ከመወሰንህ በፊት ግን ኦሮምኛ አፍ መፍቻቸው ለሆኑ ደንበኞችህ አሰማቸው። በአንዱ ቋንቋ ያማረ ስም በሌላው ነውር ወይም መሳቂያ ሊሆን ይችላል፣ ይህን ደግሞ ከመዝገበ ቃላት አታገኘውም፤ ሰው ፊት ላይ ነው የምታየው።

ጥያቄ፦ «የሕፃናት ልብስ እሸጣለሁ፣ ቻናሌ ጥሩ ተከታይ አለው። አንድ ሰው በእኔው ስም፣ መሀል ላይ አንድ ሰረዝ ብቻ ጨምሮ ሌላ ቻናል ከፈተ። ፎቶዎቼን እያወረደ ይለጥፋል፣ በቴሌብር ቅድሚያ ይቀበላል፣ ዕቃ ግን አይልክም። አንዲት እናት ደውላ ‹ሌባ› አለችኝ። ሙሉ ሌሊት አልተኛሁም። እኔ ንግድ ፈቃድ አለኝ። ስሙ የእኔ አይደለም እንዴ?» (ከየካ አባዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። ያቺ እናት የተናደደችው ባንቺ አይደለም፣ አንቺን መስሎ በታያት ሰው ነው። መልሰሽ ደውይላትና እውነቱን ንገሪያት፣ የከፈለችበትን ደረሰኝ ስክሪንሾት እንድትልክልሽም ለምኛት፤ ማስረጃሽ እሱ ነው።

ዛሬውኑ የምታደርጊው ይህ ነው። የሐሰተኛውን ቻናል አድራሻ፣ የለጠፈውን ፎቶ፣ ገንዘብ የሚቀበልበትን ስልክ ቁጥር ስክሪንሾት አንሺ። ቻናሉን ለቴሌግራም ሪፖርት አድርጊ፣ ደንበኞችሽም እንዲያደርጉ ጠይቂ። በራስሽ ቻናል አናት ላይ አንድ መልእክት ፒን አድርጊ፤ ክፍያ የሚገባበት ቁጥርና የተመዘገበበት ስም ይህ ብቻ ነው፣ ከዚህ ውጭ የሚጠይቅ እኛ አይደለንም የሚል። ያን ቁጥር በየጊዜው አትቀያይሪው። ከዚያ ማስረጃሽን ይዘሽ ፖሊስ ጋ ሂጂ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር የሚፈጸም የማታለል ተግባርን በወንጀል ያስቀጣል፤ ገንዘባቸውን የተበሉት ሰዎች አብረውሽ ቢሄዱ አቤቱታው ይጠነክራል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፈቃድሽ ላይ የሰፈረው የንግድ ስም ነው፣ ማለትም ንግድሽ የሚጠራበት። የሚመዘገበው በንግድ መሥሪያ ቤቱ ነው፣ የሚገዛውም አዋጅ ቁጥር 980/2008 ነው። ልብሱ ላይ የምትሰፊው፣ ቻናሉ ላይ የምታሳዪው ስምና አርማ ግን የንግድ ምልክት ይባላል፤ እሱን የሚመዘግበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ብዙ ነጋዴ «ፈቃድ አለኝ» ብሎ ይቀመጥና ሌላ ሰው ምልክቱን ቀድሞ ሲያስመዘግብ ይደነግጣል። በምልክቱ ላይ ሌሎችን የሚከለክል ሙሉ መብት የሚገኘው የምዝገባ የምስክር ወረቀት ሲያዝ ነው።

ምልክት የሚመዘገበው ደግሞ በዕቃው ዓይነት ነው። ዓለም አቀፉ ምደባ ሸቀጦችንና አገልግሎቶችን በ45 ክፍሎች ያስቀምጣል፤ ልብስ 25ኛው ላይ፣ ቅመማ ቅመም 30ኛው ላይ፣ የውበት ዕቃ 3ኛው ላይ ነው። ነገ የሕፃናት ሳሙናና ቅባት ለመጨመር ካሰብሽ አሁኑኑ አስቢበት። ማመልከቻው ከተመረመረ በኋላ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ከሌለ ይመዘገባል። ጥበቃው ለ7 ዓመት ነው፣ በየ7 ዓመቱ ይታደሳል። ምዝገባው ያንን አጭበርባሪ በአንድ ቀን አያጠፋውም፤ ቀጥሎ ለሚመጣው ግን እጅሽ ላይ ወረቀት ይኖርሻል።

ጥያቄ፦ «ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለገጣፎ ግቢዬ ውስጥ ንብ አንብቻለሁ። ልጆቼ ማሩን በስልክ እንሽጥልህ ብለው ‹ለገጣፎ ንጹሕ ማር› የሚል ስም አወጡ። እኔ ምንም አልታየኝም። እናንተስ?» (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ልጆችዎ ይባረኩ፣ ማሩንም ንቦቹንም ያብዛልዎ። ስሙ ላይ ግን ሁለት ነገር ላንሣ።

«ንጹሕ» የሚለው ቃል በገበያ ላይ አቅም የለውም። ስኳር የሚቀላቅለውም ሰው ፕላስቲኩ ላይ «ንጹሕ» ብሎ ነው የሚጽፈው። ንጽሕናውን ደንበኛ ሲቀምሰው ይወቀው፤ ማሩ የተቆረጠበት ወር ቢጻፍበት ከዚህ ቃል የበለጠ ይታመናል። አጻጻፉም «ንጹህ»፣ «ንፁህ»፣ «ንጹሕ»፣ «ንፁሕ» እያለ ይለያያል።

የቦታ ስሙ ግን ሰፋ ያለ ጉዳይ ነው፣ አገራችን ራሷ የተሟገተችበት። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2005 ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ይርጋጨፌ ተቀባይነት ሲያገኝ በሲዳሞና በሐረር ላይ የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ፤ እነዚህ ስሞች የቡና ዓይነት መጠሪያ ናቸው፣ የማንም ምልክት ሊሆኑ አይችሉም ብሎ። ስታርባክስ ከሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ቡና ድርጅት ጋርም ብዙ ካነጋገረ በኋላ በ2007 ስምምነት ተፈረመ። ስሙን የሚሸጠው ገበሬው ሳይሆን ሌላው ሲሆን ምን እንደሚደርስ ያኔ ሁላችንም አይተናል። አንድ አገር እንዲህ የለፋችበትን ነገር አንድ ግለሰብ «ለገጣፎ ማር» ብሎ ላስመዝግብ ቢል ከባድ ነው፤ ጎረቤትዎም ንብ ቢያነባ የሱም ማር የለገጣፎ ማር ነውና።

ሌላም አለ። ማሩ ሲፈለግ ከግቢዎ ያለው አይበቃም። ልጆቹ ከሰንዳፋም ከሌላም ቦታ መግዛት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ስሙ ደንበኛን ያሳስታል። ስለዚህ ለገጣፎን ከስሙ አውጥተው ማሩ የተቆረጠበት ቦታ ብለው በትንሹ ያስፍሩት፤ በዚያ ላይ እውነት እስከሆነ ድረስ በጣም ጥሩ መረጃ ነው። ለስሙ ደግሞ ከቀፎዎ፣ ከግቢዎ ዛፍ ወይም ንቦቹ ከሚቀስሙት አበባ የወጣ ቃል ልጆችዎ ይፈልጉ። እርስዎ አንዴ ሰምተው በደንብ የሚይዙት ከሆነ ደንበኛውም ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ «ቻትጂፒቲ ስም ቢያወጣልኝ ምን ችግር አለው?» (ከጎሮ)

መልስ፦ ሐሳብ ለመሰብሰብ ችግር የለውም። የሚሰጥህን የአማርኛ ቃል ግን አማርኛ አዋቂ ሰው ያንብበው፤ አንዳንዴ የሌለ ቃል ወይም ትርጉሙ የተዛባ ቃል ያመጣል። ለአንተ የሰጠውን ስምም ለሌላ ጠያቂ ሊሰጠው ይችላል። «ይህ ስም አልተያዘም» ቢልህ አትመነው፣ ራስህ ሄደህ አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ «ሦስት ዓመት የሠራሁበትን የቻናሌን ስም መቀየር እፈልጋለሁ። በጓደኛዬና በእኔ ስም የተሠራ ነበር፣ አሁን ተለያይተናል። ተከታዮቼን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።» (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስም ቀይሮ የገነነ ብዙ ነው። ሶኒ እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ድረስ «ቶኪዮ ፁሺን ኮግዮ» ይባል ነበር፤ የውጭ ሰው ሊጠራው አልቻለምና ተቀየረ። አንተም ትችላለህ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቅ።

መጀመሪያ ከጓደኛህ ጋር ተነጋገር። የድሮው ስም ማንም እንዳይጠቀምበት ወይም አንዳችሁ ብቻ እንድትጠቀሙበት ተስማሙና በምስክር ፊት ፈርሙ፤ ካልሆነ እሱ በድሮው ስም ይቀጥላል፣ ደንበኛህም ያንተ መስሎት እሱ ጋ ይሄዳል። ቻናሉ ላይ ለተወሰኑ ሳምንታት አዲሱን ስም ከፊት፣ የድሮውን «የቀድሞው እገሌ» ብለህ ከኋላ አድርገህ አቆየው። የቴሌግራም ቻናል ስሙም አድራሻውም ሲቀየር ተከታዮቹ እዚያው ይቆያሉ፣ ስለዚህ አዲስ ቻናል አትክፈት።

አንድ ነገር ግን አደራ። አድራሻውን ስትቀይር የድሮው ነፃ ይሆናል፣ ማንም ሊወስደው ይችላል። ከየካ አባዶ የጻፈችልን እህት የደረሰባት በሰረዝ ነው፤ አንተን በራስህ አሮጌ አድራሻ እንዳይደርስብህ። ወዲያው ባዶ ቻናል ከፍተህ የድሮውን አድራሻ ያዝበት፣ ውስጡም አዲሱን አድራሻ ብቻ ጻፍ። ቲክቶክ ላይ አንዴ ከቀየርክ እስከ 30 ቀን ድጋሚ መቀየር ስለማትችል ፊደሉን ደጋግመህ አይተህ ተጫን። ደጋግመው ለገዙህ ደንበኞች ደግሞ ፖስት ብቻ አትለጥፍላቸው፣ ደውልላቸው። «ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ነው የምባለው፣ ስልኬና ቴሌብሬ ያው ነው» በላቸውና አዲሱን ስም መልሰው እንዲሉልህ ጠይቃቸው።